የድራግ ተወዳዳሪዎች ያረጀ መኪና የሚመርጡት ለምንድን ነው? ለወንድማችን ጥያቄ ምላሽ

ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ወንድማችን ፑዌብሎ ወደሚገኘው መወዳደሪያ ሄዶ የአማተሮችን የድራግ ውድድር፣ ማለትም ሁለት መኪኖች ከቆሙበት ተነሥተው ቀጥ ባለ አጭር መንገድ የሚሽቀዳደሙበትን፣ ከተመለከተ በኋላ፣ ፈጣን አዳዲስ መኪኖች ገበያውን ሞልተውት ሳለ አብዛኛው ተወዳዳሪ ከ40 እና ከ50 ዓመት በፊት የተሠራ የሼቭሮሌት ኖቫ፣ የፎርድ ሙስታንግ ወይም ፒካፕ ይዞ የሚመጣው ለምን እንደሆነ፣ እርሱም ያለውን ካምሪ ሸጦ ምን ቢገዛ እንደሚሻለው ጠይቋል። እኔ እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ በመካኒክነት የምተዳደርና ባንዲሜር የተባለው መወዳደሪያ በ2023 ከመዘጋቱ በፊት ጀምሮ በውድድሩ የምሳተፍ ሰው ስለሆንኩ፣ ያየሁትንና የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት ውድድሩ የሚሸልመው ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። አማተሮች በብዛት የሚሳተፉበት ዘርፍ ብራኬት ይባላል። ነጂው መኪናው ሩብ ማይሉን፣ ማለትም 402 ሜትሩን፣ በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ ራሱ ገምቶ በመስኮቱ ላይ ይጽፋል፤ ዘገምተኛው መኪናም በልዩነቱ ልክ ቀድሞ ይለቀቃል። 15.20 የጻፈ ሰው 10.50 ከጻፈ ሰው ጋር ቢሰለፍ አረንጓዴው መብራት ለእርሱ 4.70 ሰከንድ ቀድሞ ይበራለታል። ከጻፈው ሰዓት ፈጥኖ የገባ ግን፣ ተጋጣሚው ከእርሱ የባሰ ስሕተት ካልሠራ በስተቀር፣ ተሸናፊ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ፈጣን መሆን ብቻውን ምንም አያስገኝም፤ የሚያሸንፈው መብራቱን በትክክል የሚጠብቅ ነጂና ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ ሰዓት የሚደግም መኪና ነው።

ወንድማችን ያያቸው አሮጌ መኪኖች የተመረጡት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ መኪና ሞተሩ ሲሞቅ፣ ጎማው ሲንሸራተት ወይም ካምቢዮው ሲግል ኮምፒውተሩ በራሱ ውሳኔ ጉልበት ይቀንሳል፤ ለመንገድ ነጂ ይህ ጥበቃ ነው፣ ሰዓቱን አስቀድሞ መናገር ለሚገባው ተወዳዳሪ ግን ችግር ነው። በአንጻሩ ሼቭሮሌት ከ1950 እስከ 1973 የሠራውን ፓወርግላይድ የተባለ ካምቢዮ ተመልከቱ። አውቶማቲክ ሲሆን ያሉት ሁለት ማርሾች ብቻ ናቸው፤ በመላው ጉዞ ማርሽ የሚቀየረው አንድ ጊዜ ስለሆነ ሊለዋወጥ የሚችለው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ፋብሪካው መሥራቱን ካቆመ ከ50 ዓመት በኋላ እንኳ የመለዋወጫ አምራቾች ክፍሎቹን በሙሉ አዲስ አድርገው ይሠሯቸዋል፤ የፎርድ መኪና ይዘው ይህንኑ የሼቭሮሌት ካምቢዮ የሚጠቀሙ ብዙ ሰዎችም አሉ። ለፋብሪካ ስም ታማኝ መሆን የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መለዋወጫ ነው፤ ይህን ለአገሬ ሰው ማስረዳት ብዙም አይከብድም። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ስለ ፍጥነቱ ሳይጠይቅ ዕቃው ሶማሌ ተራ ይገኝ እንደሆነ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ የድራግ ተወዳዳሪም ቅዳሜ የተሰበረው ዕቃ ለሚቀጥለው ቅዳሜ መድረስ አለመድረሱን ያሰላል። ሼቭሮሌት አነስተኛውን ቪ8 ሞተር በ1955 አውጥቶ ለአሥርት ዓመታት ስለሠራው፣ ይህን ሞተር የማያውቅ መካኒክ፣ ዕቃውንም የማይሸጥ ሱቅ እዚህ አገር ማግኘት ያስቸግራል። ከ1968 እስከ 1974 የተሠራው ኖቫ የፊት ሻሲው ከ1967 እስከ 1969 ከተሠራው ካማሮ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ካማሮውን ሰብሳቢዎች ዋጋውን ሰማይ ስላደረሱት ተወዳዳሪው ወደ ኖቫ ዞረ። የ1979–1993 ሙስታንግ፣ ተወዳዳሪዎች ፎክስ የሚሉት፣ ቀላል ክብደት ያለው፣ ባለ 5 ሊትር ቪ8 ሞተር ሊገኝ የሚችልና በብዛት የተመረተ መኪና ነው፤ ዛሬ ከኋላ ዲፈረንሻሉ እስከ ዳሽቦርዱ ድረስ ሁሉም ክፍሉ በትእዛዝ ቤት ድረስ ይመጣል። ጄኔራል ሞተርስ ከ1999 ጀምሮ በፒካፖቹ ላይ የገጠማቸው 4.8 እና 5.3 ሊትር ሞተሮችም የተጋጩ መኪኖች ከሚበለቱበት ግቢ በርካሽ ተነሥተው ቱርቦ ሲጨመርባቸው፣ ለመደበኛ ሥራ የተሠራው የብረት ብሎክ ይህን ያህል ጫና መቻሉ በየጊዜው ያስደንቀኛል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ አባላት ኒሳን ፓትሮል በአሸዋውም በአስፋልቱም ሲወዳደር አይታችሁ ይሆናል። ከባድና ረጅም መኪና ለዚህ ውድድር የማይመች ቢመስልም፣ 4.8 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩን የሚያውቁ ጋራዦች በዚያ አካባቢ ስላሉ ምርጫው ምክንያት አለው።

አሁን የምጽፈው ምክንያት ከውጭ ለሚያይ ሰው የማይታይ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ስቶክ በሚባለው ዘርፍ መኪኖች የሚመደቡት ክብደታቸው ለሞተራቸው ለተሰጠው የፈረስ ጉልበት ተካፍሎ በሚወጣው ቁጥር ነው። ጉልበቱን የሚወስነው በ1951 የተመሠረተው ብሔራዊ የሆት ሮድ ማኅበር ሲሆን፣ መነሻው ፋብሪካው ያሳወቀው ቁጥር ነው። ፋብሪካዎች ደግሞ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ለኢንሹራንስም ለሌላም ምክንያት አንዳንዱን ሞተር ከእውነተኛ ጉልበቱ አሳንሰው ይመዘግቡት ነበር። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ የሚወዳደሩ ሰዎች የቆዩ የፋብሪካ መዝገቦችን እያገላበጡ፣ በወረቀት ደካማ በተግባር ግን ብርቱ የሆነ ሞተር የተገጠመለትን የተረሳ ሞዴል ይፈልጋሉ። ትልልቅ የቤተሰብ ስቴሽን ዋገኖች በውድድር ላይ የሚታዩት በዚህ ስሌት ነው፤ ረጅሙ የኋላ ቦዲ ክብደቱን ወደሚነዱት ጎማዎች ስለሚያሳርፈው ሲነሡ አይንሸራተቱም። ይህን ያገኘ ሰው በሞተር ዕውቀት ብቻ ሳይሆን በምርምርም ነው የሚያሸንፈው።

በከፍተኛው የብራኬት ዘርፍ ደግሞ ብዙዎች ድራግስተር የሚባለውን፣ ለዚህ ውድድር ብቻ የሚሠራ ረጅምና ቀጭን፣ የመኪና መልክ የሌለውን ተሽከርካሪ ይመርጣሉ፤ ቀላል ነው፣ ሰዓቱም ብዙ አይዋዥቅም። ሞተሩ ከነጂው ኋላ የመሆኑ ልማድ የጸናው፣ ታዋቂው የድራግ ተወዳዳሪ ዶን ጋርሊትስ በ1970 ካምቢዮው ፈንድቶ የእግሩን ክፍል ከቆረጠው በኋላ በ1971 ሞተሩን ወደ ኋላ አዙሮ ማሸነፍ ሲጀምር ነው።

እኛ የምንኖርበት ከፍታም በምርጫው ላይ ድርሻ አለው። ባንዲሜር ከባሕር ጠለል በላይ 1,770 ሜትር ገደማ ላይ የነበረ ሲሆን፣ ቱርቦ ወይም ሱፐርቻርጀር የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ በባሕር ጠለል ላይ 400 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚያ ወደ 330 ይወርድ ነበር። ቱርቦ ግን የሳሳውን አየር አምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን በከፊል ይሞላል፤ በዚህ ግዛት ቱርቦ የሚገጥሙ ሰዎች የሚበዙት ለታይታ ብቻ አይደለም።

ደንብና ገንዘብም አሉ። ለቆዩ መኪኖች፣ ሩብ ማይሉን በ11.49 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ የሚጨርስ መኪና ሮል ባር የሚባለውን የብረት ቅስት፣ 9.99 እና ከዚያ በታች የሚገባ ደግሞ ሙሉ የብረት ማቀፊያና የነጂ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ከ2008 ወዲህ ለተሠሩት ገደቡ ላላ ያለ ነው። ስለሆነም መኪናቸውን ሆን ብለው 11.50 ላይ የሚያቆሙ፣ በዚያም ሙሉ ወቅት በደስታ የሚወዳደሩ ሰዎች አሉ፤ ልጆቻቸውን የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠው በዚያው መኪና ወደ ቤት ይመለሳሉ።

በመጨረሻ፣ በቁጥር የማይመዘነውን ምክንያት መዝለል አልችልም። አባቱ በ1970ዎቹ አዲስ የገዛውን ፕሊማውዝ ደስተር ዛሬም የሚያወዳድር ጎረቤት በመወዳደሪያው ላይ አለኝ። ይህ ሰው ገንዘቡን ለሌላ መኪና ቢያውለው የተሻለ ሰዓት እንደሚያገኝ ከማንም በላይ ያውቃል። እኔ ግን ምርጫው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህ ሥራ ከሚሰጠው ይልቅ የሚወስደው ገንዘብና እንቅልፍ ስለሚበልጥ፣ መኪናውን የማይወድ ሰው ሞተሩ ሁለተኛ ጊዜ ሲፈነዳ ሸጦ ይሄዳል። ደስተሩ ግን ሞተሩ ወጥቶ ጋራዥ ውስጥ ሙሉ ክረምት ቢከርምም ሸራው ተገልጦ ይጎበኛል።

ወንድሜ፣ ወደ አንተ ጥያቄ ስመለስ ካምሪህን አትሽጥ። ለብራኬት 15 ሰከንድ የሚጨርስ መኪና በቂ ነው፤ እንደ ልብህ የምትነዳበት ቦታም መወዳደሪያው እንጂ ከቶ የአውሮራ ከተማ ጎዳና እንዳይሆን አደራ እልሃለሁ። ለሕዝብ ክፍት በሆነው የሙከራ ምሽት፣ ደንቡን የሚያሟላ የራስ ቁር ይዘህና ከኋላ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ዕቃ አውጥተህ ሂድ። የካምሪ የሚነዱት ጎማዎች የፊቶቹ ናቸው፤ መኪና ሲነሣ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ነዳጁን በአንዴ አትርገጥ። የመንገድ ጎማ ውሃውን በጥርሱ ይዞ ወደ መነሻው ስለሚወስደው፣ ሌሎች ጎማቸውን በቦታው እያሽከረከሩ የሚያሞቁበትን እርጥብ ቦታ ዞረህ እለፈው። ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ በሚሰጥህ ወረቀት ላይ የመጀመሪያዎቹን 60 ጫማዎች፣ ማለትም 18 ሜትር ገደማ፣ የጨረስክበትን ሰዓት ተመልከት፤ አነሣስህ ወጥ መሆኑን የሚነግርህ ይህ ቁጥር ነው። ቁጥሮቹ እርስ በርስ መቀራረብ ሲጀምሩ ወረቀቶቹን እዚህ ለጥፋቸው፤ ምን ያህል ገንዘብ እንዳለህና አብሮህ የሚሠራ ሰው መኖሩንም ጻፍልን። ኖቫ ወይም ፎክስ መግዛት ካለብህ፣ ቦዲው ያልዛገውን እንድትመርጥ አብሬህ ሄጄ አየዋለሁ።