ለአሮጌ ላንድክሩዘር የትኛው ካንዴላ? ጎንደር ለሚኖር፣ መተማ ለሚጭን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። የአባትህ ላንድክሩዘር ፒክአፕ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1977 ሞዴል ነው፤ ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር 2ኤፍ ቤንዚን። አዲስ ካንዴላ (በብልጭታ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ዕቃ) በገባለት ቁጥር ብዙም ሳይቆይ ጥላሸት ይለብሳል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ይቆራርጣል። መካኒኩ «ሞቃት ካንዴላ ይግባለት» አለህ። ባለሱቁ «ኢሪዲየም ግዛና ተገላገል» አለህ፤ ጫፉ ኢሪዲየም ከሚባል ጠንካራ ብረት የተሠራውን ካንዴላ ማለቱ ነው። በመኸር ጊዜ ደግሞ ሰሊጥ ልትጭን መተማ ትወርዳለህ። የቱን ልግዛ ነው ያልከው።

የሞተሩ መጽሐፍ የሚያዘውን ተራ ካንዴላ ግዛ። ጥላሸቱን የሚያጠፋልህ ግን ካንዴላ አይደለም፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶሩ ነው። ጎንደር ውስጥ እነዚህን አሮጌ የቤንዚን መኪኖች ስፈታና ስገጥም ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ካንዴላ ያለ ጥፋቱ የሚወቀሰውን ያህል የሚወቀስ ዕቃ አላየሁም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ካንዴላ «ሞቃት» ወይም «ቀዝቃዛ» ሲባል የሚሰጠው እሳት በረታ ወይም ደከመ ማለት አይደለም። ጫፉ ላይ ያለው ሙቀት ወደ ቴስታታው (ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ ክዳን) በምን ፍጥነት ይሸሻል ነው ጉዳዩ። ከውስጥ በኩል ያለው ነጩ ሸክላ ረዘም ካለ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ሞቃት የሚባለው እሱ ነው። አጠር ካለ ቶሎ ያስተላልፋል፤ ቀዝቃዛ ነው። ጫፉ ከ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል የተቀመጠበትን ጥላሸት ራሱ እያቃጠለ ይጸዳል። ከ850 በላይ ሲሄድ ግን ብልጭታውን ሳይጠብቅ ቤንዚኑን በራሱ ያቀጣጥላል። ፒስቶን የሚበሳው ያኔ ነው። ካንዴላው ላይ የተጻፈውን የሙቀት ደረጃ አንድ ቁጥር ብቻ ስትቀይር ጫፉ ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ያህል ይለወጣል። ስለዚህ ቁጥር መቀየር ቀላል ነገር እንዳይመስልህ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ሳስቷል። አሮጌ ካርቡራቶር ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ለቆላው የሚሰጠውን ቤንዚን እዚህም ይሰጣል። ቤንዚኑ በዛ፣ አየሩ አነሰ፣ ካንዴላው ጠቆረ። በዚያ ላይ ከአራዳ አዘዞ፣ ከአዘዞ ማራኪ እያልክ በአጭር በአጭሩ ስትነዳው ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል።

መካኒኩ ያለህን ሞቃት ካንዴላ ብታስገባ ከተማ ውስጥ ደህና ይመስልሃል፤ ይህን አልክድም። ችግሩ የሚመጣው በአይከል አድርገህ ገንዳ ውኃ ስትወርድ ነው። መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፤ አየሩ ወፍራም፣ ሙቀቱ የሚያነድ። ሰሊጡን ጭነህ ዳገቱን በ2ኛ ማርሽ ስትያያዘው ሞተሩ ዓመቱን ሙሉ ጎንደር ላይ ያላየውን ሙቀት ያያል። ካንዴላ መመረጥ ያለበት ለዚያች ሰዓት ነው። የጠቆረ ካንዴላ ቢበዛ ያስቆምሃል፣ የጋለ ካንዴላ ግን ሞተር ያስወርድሃል።

ስለዚህ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ አራግፈው፤ ካረጀ ቀይረው። ጠዋት ሲነሳ አየር የሚዘጋው ቾክ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን በዓይንህ እይ፤ በነዚህ መኪኖች ላይ ግማሽ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ቾክ ሞልቷል። ከዚያ ፍሎቱ (ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ) ቤንዚን ከልክ በላይ እንደማያስገባ አረጋግጥ። በመጨረሻ የሚኒሞውን (ነዳጅ ሳትረግጥ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ያለውን) ቅይጥ በብሎኑ አስተካክል። ዋናውን ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ቀዳዳ) ግን አደራ እንዳትነካ። ለጎንደር ብለህ ብታሳንሰው መተማ ስትደርስ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ያኔ ደግሞ ከልክ በላይ ይግላል። ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ላይ ያለችውን የብልጭታውን ሰዓት የምትለውጥ የኦክታን ማስተካከያ ጎንደር ላይ ወደፊት ገፍተሃት ከነበረም ሳትወርድ መልሳት። ጭነት ላይ ሞተሩ ሲያንኳኳ ከሰማህ እግርህን አንሳ።

ሱቅ ስትገባ ቁጥሩ ያምታታሃል። ኤንጂኬና ዴንሶ በሚባሉት ፋብሪካዎች ካንዴላ ላይ ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ይቀዘቅዛል። በቦሽና በቻምፒዮን ተቃራኒው ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ይሞቃል። የኤንጂኬ 5 ከዴንሶ 16 እና ከቦሽ 8 ጋር ይቀራረባል። «5 የለም፣ 8 አለ፣ ያው ነው» ቢልህ ከየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ሳትጠይቅ እንዳትከፍል። የአንተ ሞተር በኤንጂኬ 4 እና 5 አካባቢ ነው የሚጫወተው። በዚህ ሞተር 6ና 7 ካስገባህ ጎንደር ላይ ሲጠቁርብህ ይኖራል፤ ከ4 በታች ደግሞ አትውረድ።

ከቁጥሩ እኩል የጥርሱ ርዝመት ወሳኝ ነው። ውፍረቱ አንድ ሆኖ ርዝመቱ የሚለያይ ካንዴላ ብዙ አለ፤ በእጅ ሲገባ ሁሉም ልክ ይመስላል። አሮጌውን ይዘህ ሂድ። ሁለቱን ሮንዴላቸው (ከጥርሱ በላይ ያለው ቀለበት) ላይ አስተካክለህ ጎን ለጎን አቁምና ጥርሱ የሚያልቅበትን እይ። አዲሱ ካጠረ የቴስታታው ጥርስ ባዶውን ቀርቶ ካርቦን ይሞላል፣ በኋላ ትክክለኛውን ልታስገባ ስትል እንቢ ይልሃል። ከረዘመ ደግሞ ፒስቶን ሊነካ ይችላል።

ኢሪዲየም መጥፎ ዕቃ አይደለም። ላንተ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ቤንዚን የበዛበት ወይም ዘይት የሚያስገባ ሞተር ኢሪዲየሙንም እንደ ተራው ያጠቁረዋል፣ ብልጭታው የሚዘልበትን የጫፉን ክፍተት እንደልብህ ለማስተካከልም አይመችም። በኮንታክት ፖይንት (በአሮጌው የእሳት ማቋረጫ) ለሚሠራ ሞተር ተራው በቂ ነው፤ ክፍተቱን 0.8 ሚሊሜትር አድርገው። ከካርቶን ወጥቷልና ልክ ነው አትበል፣ በጌጅ ለካው። ስሙ ላይ «አር» ያለበት የሬዲዮ ጩኸት የሚቀንስ ነው፤ ሞተሩን አይጎዳውም።

ገበያ ላይ ያለውን አስመሳይ ካንዴላ ደግሞ ተጠንቀቅ። ሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ በጣት ሲታሽ የሚደበዝዝ ከሆነ፣ መሐለኛው ዘንግ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ሮንዴላው በቀላሉ ከጥርሱ ላይ ሾልኮ ከወጣ መልሰህ አስቀምጠው።

ስትፈታ ሞተሩ ይብረድ። ጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን አቧራ መጀመሪያ በጎማ መንፊያ ንፋበት፤ አለበለዚያ ድንጋዩ ሁሉ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። አዲሱን እስከ መጨረሻው በእጅህ አስገባ፣ ከዚያ በቁልፍ ግማሽ ዙር ወይም ትንሽ በለጥ አድርገህ አጥብቅ፣ በቃ። ኬብሎቹን ምልክት አድርግባቸው፤ የዚህ ሞተር ቅደም ተከተል 1-5-3-6-2-4 ነው።

አንድ ነገር ግን ሳላውቅ መልሴ ጎደሎ ነው። ጥላሸቱ ደረቅ ነው ወይስ ዘይት ያለው? ደረቅና እንደ ከሰል ዱቄት የሚራገፍ ከሆነ ከላይ ያልኩህ ነው። እርጥብና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ከፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ወይም ከቫልቭ ሲል (የቫልቩ ዘይት መከላከያ ጎማ) የሚመጣ ዘይት ነው፤ ምናልባትም በአንድ ሁለት ሲሊንደር ብቻ። እንዲያ ከሆነ ሞተሩ እስኪወርድ ድረስ ለዚያ ሲሊንደር ብቻ አንድ ቁጥር ሞቃት ማስገባት ይቻላል፤ ያኔ መካኒክህ ልክ ነው፣ ግን ጭነህ ቆላ አትውረድበት።

እንግዲህ እንዲህ አድርግልኝ። ዳገት ላይ ትንሽ ጎትተው፣ ዳር ያዝና ሚኒሞ ላይ ሳታቆየው አጥፋው። ሲበርድ ስድስቱንም ፍታና ከራዲያተሩ በኩል ካለው 1 ቁጥር ጀምረህ በተራ ደርድራቸው። ሳትጠርጋቸው፣ ጫፋቸው በደንብ እንዲታይ በቀን ብርሃን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ሥር ለጥፈው። ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩን ግፊት) የሚለካ ሰው ካገኘህ የስድስቱንም ቁጥር አብረህ ጻፍልኝ።