መስከረም ላይ ባሕር ልውጣ ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፤ ቤቴ ኮምቦልቻ ነው። ጅቡቲ ላይ ጭነት እስኪደርሰን ሦስት አራት ቀን እንቆማለን። በመስከረም መጨረሻ አምስት ሆነን ጀልባ ከነሠራተኛው ተከራይተን ዓሣ ልናጠምድ አስበናል። ባሕር ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ዋናም አልችልም። ወሩ እንዴት ነው? ያስመልሳል የሚሉትስ እውነት ነው? ከቀናኝ ለባለቤቴ ድራክ የሚሉትን የባሕር ዓሣ ይዤላት ብገባ ደስ ይለኛል።
ሹፌሩ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ አውቀህም ይሁን ሳታውቅ ወሩን ጥሩ መርጠሃል። ጅቡቲ ላይ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ከበረሃው በኩል አቧራ ጭኖ ይመጣል። ከጥቅምት ወዲያ የምሥራቁ ነፋስ ይገባል፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይብስበታል። የመስከረም መጨረሻ አንዱ ወጥቶ ሌላው ገና ሳይገባ ያለች ክፍተት ናት። ውሃው ግን አይበርድም፤ 30 ዲግሪ ገደማ ነው። የሐይቅን ውሃ እያሰብክ እጅህን ብትነክር ሰው ያሞቀው ይመስልሃል።

እኔ እስከ 1983 ዓ.ም. አሰብ ወደብ ላይ ዕቃ ቆጣሪ ነበርኩ። እሁድ እሁድ ከአፋር ዓሣ አጥማጆች ጋር እወጣለሁ። የጀልባውን አዛዥ ናኩዳ ይሉታል። የኛ ናኩዳ ገመዱን ከመፍታቱ በፊት እፍኝ አሸዋ ያነሳና በጣቶቹ መሃል ቀስ አድርጎ ይለቀዋል። አሸዋው ቀጥ ብሎ ከወረደ እንወጣለን። ወደ ጎን ከሄደ ሻይ እንጠጣለን። ስንት እሁድ ሻይ ጠጥተን ተመልሰናል መሰለህ!

ስለዚህ ያንተን ናኩዳ «ዛሬ ጥሩ ነው?» ብለህ አትጠይቀው። ኪራዩን ስለሚፈልግ ጥሩ ነው ይልሃል። «ነፋሱ ስንት ሰዓት ላይ ይነሳል? ከየት በኩል?» በለው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሳያስብ ይመልስልሃል። የሚንተባተብ ከሆነ ሌላ ጀልባ ፈልግ። በደህና ቀን እንኳ ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ከባሕሩ ወደ የብስ የሚነፍሰው ነፋስ ከቀትር በኋላ ይበረታል። ሞገዱም አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ጀልባዋን በጥፊ እንደመምታት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ውጡ፣ ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ፊታችሁን ወደ ወደቡ አዙሩ።

ዋና አልችልም ብለሃል። ላይፍ ጃኬት በሰው ቁጥር መኖሩን ራስህ ቁጠር፤ «አለ፣ አለ» የሚለውን አትመን። ተሳፍረህ ሳይሆን መሬት ላይ ቆመህ ልበሰው፣ ማሰሪያውን ሞክር። ሁለተኛ ሞተር ወይም ሬዲዮ የሌላት ጀልባ ላይ እኔ ልጄን አላሳፍርም። ውሃ ለነፍስ ወከፍ አምስት ሊትር ያዙ። ጫቱን መሬት ላይ ተዉት፣ አፍ እያደረቀ በዚያ ሐሩር ጥማት ይጨምርባችኋል። ይቺን እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ማስመለሱ። ሐረጎን ስትወርድ ተሳፋሪው ፌስታል ሲጠይቅ አንተ ምንም አትሆንም አይደል? መሪው በእጅህ፣ ዓይንህ መንገዱ ላይ ስለሆነ ነው። ተሳፋሪው ጆሮው ውስጥ ያለው ሚዛን «ተናወጥን» ይለዋል፣ ዓይኑ ደግሞ የፊቱን ወንበር ያያል፤ ሁለቱ አይስማሙም። ጀልባ ላይ ተሳፋሪው አንተ ነህ። እኔ መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ፉል በደንብ በልቼ ነበር። ሞተሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ የናፍጣ ሽታ እየማግሁ፣ አንገቴን ደፍቼ የተወሳሰበ ክር እፈታለሁ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ፉሉ ለዓሣ ሆነ። ናኩዳው ሳቀና አገጬን ይዞ ቀና አደረገኝ፤ ከሩቅ ተራራውን፣ የብሱን እንዳይ። እውነትም ቀለል አለኝ።

አንተ ሌሊት ዳቦና ሻይ ብቻ ቅመስ። ከጀልባዋ መሃል ተቀመጥ፣ ዓይንህን ከሩቅ አትንቀል፣ ስልክህን ኪስህ ክተት። ፋርማሲ የማስመለስ መከላከያ ኪኒን አለ። የሚዋጠው ከመውጣትህ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው፤ ካስመለስክ በኋላ ዋጋ የለውም። ደግሞ ያስተኛል። ኪኒኑን በዋጥክበት ቀን የጋላፊን ድንበር ለማቋረጥ መሪ እንዳትጨብጥ።

ድራክ ካሰብክ ጀልባዋ ቀስ እያለች ክር ከኋላ ትጎትታለች። ወፎች ተሰብስበው ውሃው ላይ ሲወረወሩ ካየህ ለናኩዳው አሳየው፤ ከሥር ትናንሽ ዓሣ አለ፣ ከትናንሾቹ ሥር ድራኩ። ከመንጠቆው በላይ ስንዝር ተኩል የሽቦ ገመድ ይኑር፤ ናይለኑን ጥርሱ እንደ መቀስ ነው የሚበጥሰው። በእጅህ የምትይዝ ከሆነ ክሩን በጭራሽ ጣትህ ላይ አትጠምጥመው። እኔ ጠምጥሜው ነበር። የግራ ሌባ ጣቴ ላይ ነጭ መስመር አለች፤ ብርድ ሲመጣ ዛሬም ታሳክከኛለች። ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ዘንድ ከሄዳችሁ ጥበቃ ያለው ኮራል ስላለ፣ የት ማጥመድ እንደሚፈቀድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እንደ ኳስ የሚነፋውን ዓሣ ደግሞ አትብሉ፤ መርዝ ነው፣ እሳት አያጠፋውም።

ለባለቤትህ ይዘህ መግባቱ ላይ ልከራከርህ ነው። ድራክና ቱና ሙቀት ላይ ከዋሉ ሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይፈጠራል። ብትጠብሰው፣ ብትቀቅለው አይጠፋም። ሽታው ደህና ሆኖ እንኳ ሊኖር ይችላል። አሰብ ጥላ ስር የዋለ ቱና በልቼ ፊቴ በርበሬ መስሎ፣ ራሴ ሲፈልጠኝ አምሽቻለሁ። የግድ ካልክ እንደያዝከው ደሙን አፍስስ፣ ሆድ ዕቃውንና ስንጥቡን አውጣ፣ ወዲያው በረዶ ውስጥ ቅበረው። በረዶው ሚሌ ላይ ካለቀ ግን ዓሣውን እዚያው ጣለው። ለባለቤትህ ባቲ ላይ ሌላ ነገር ግዛላት፤ ሰኞ ከደረስክ ገበያ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ሐይቅ ላይ በታንኳ ቀረሶ ዓሣ አጠምዳለሁ። የባሕር ጀልባ ላይ ልቀጠር ብል ሙያዬ ይረዳኛል?
ወጣቱ፣ ከሐይቅ

መልስ፦ እጅህ ይረዳሃል። መረብ መጠገን፣ ቋጠሮ፣ ትዕግሥት እዚያም ያው ነው። የሚከብድህ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሙላትና ጉድለት፤ የሐይቅ ዳር ማታም ጠዋትም ቦታው ላይ ነው፣ ባሕሩ ግን በጨረቃ ይሄዳል፣ ይመጣል። ጨረቃ ስትሞላና ስትወለድ ይበረታል። ታንኳህን አስረህ ብትተኛ ጭቃ ላይ ተቀምጣ ልታገኛት ትችላለህ። ሁለተኛው ጨው ነው፤ በሊትር 36 ግራም ገደማ። ቤት ስትገባ መንጠቆህን፣ ቢላህን ጨው በሌለው ውሃ ካላጠብክ ዝገት ይበላዋል። እኔ ከአሰብ ስመለስ አንዲት ሣጥን መንጠቆ ይዤ መጥቼ ነበር። ደሴ ከፍቼ ባይ አንድ ቀይ እብጠት ሆኖ ተጣብቋል፤ አሁን የወረቀት ማስጫኛ አድርጌዋለሁ።