ጃንጥላውን ልቁረጠው?

ጥያቄ፦ ጥምቀት ዕለት እናቴን በፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት አጠገብ በስልኬ አነሳኋት። ግማሹ ፎቶ የሰው ጀርባና ጃንጥላ ነው። ብቆርጠው ይበላሻል ብዬ ፈራሁ። (ከአዘዞ)

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ግን መጀመሪያ ኮፒ አድርጊው። እኔ ዋናውን ቆርጬ ሴቭ አድርጌ የአጎቴን ግማሽ ፊት እስከ ዛሬ እፈልገዋለሁ! ከዚያ ማስተካከያውን ከፍተሽ ማዕዘኖቹን ወደ ውስጥ ሳቢ። እናትሽን ጉልበት ወይም አንጓ ላይ አትቁረጪ፤ ወገብ ላይ ያምራል። ስትቆርጪ ፒክስሉም (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ይቀንሳል። 4000 በ3000 የነበረው ወርዱም ቁመቱም ቢገመስ ከ12 ሚሊዮን 3 ሚሊዮን ብቻ ይቀራል። ለ10 በ15 ሴንቲሜትር ህትመት በቂ ነው፤ ለግድግዳ ትልቅ ፎቶ ግን ይደበዝዛል። ከጃንጥላው ትንሽ አስቀሪ። ጥምቀት መሆኑ በምን ይታወቃል?