የማትነበበዋ ቢ ከየት መጣች?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ልጄ 6ኛ ክፍል ናት፣ ዲክቴሽን ላይ ዕዳ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ደትን፣ ያለ ቢ ጽፋ ኤክስ ገባባት። "እማዬ ካልተነበበች ለምን ትጻፋለች?" ስትለኝ መልስ አጣሁ።

መልስ፦ እህታችን፣ የልጅዎ ጥያቄ በጣም ትክክል ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ሲገባ ቢ የሚባል ነገር አልነበረውም፣ ሲነገርም ሲጻፍም። በኋላ ላቲን የተማሩ ሰዎች ናቸው ዘሩ ደቢቱም ነው ብለው ቢን የሰኩባት፣ ሕዝቡ ግን እንደለመደው ደት ማለቱን ቀጠለ። ሒሳብ ሠራተኞች ዴቢት ክሬዲት ሲሉ ቢዋ ትሰማለች አይደል፣ ዘመዳሞች ናቸው፣ እንደዛ ብለው ቢያስረዷት አትረሳውም።

ደሴት የሚባለው አይላንድ ላይ ያለችው ኤስ ደግሞ ትብሳለች፣ በስህተት ነው የገባችው፣ ቃሉ የራሱ የጥንቱ እንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ ከላቲን ከመጣውና እሱም ደሴት ከሚባለው አይል ጋር አምታተውት። ፈረሰኛ ጦረኛ የሚባለው ናይት ላይ ያለችው ኬ ግን ድሮ የምር ትነበብ ነበር። ካክስተን የሚባል እንግሊዛዊ አታሚ በ1476 እ.ኤ.አ. ዌስትሚኒስተር ላይ ማተሚያ ቤት ከከፈተ በኋላ አጻጻፉ ቀስ በቀስ እየረጋ ሄደ፣ አነጋገሩ ግን መለወጡን አላቆመም፣ ክፍተቱ በዛው ሰፋ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ተቃራኒው ነው፣ ጽሑፍ አፍን ሲቀይር። ጭልፊት ማለት ፋልከን ድሮ ያለ ኤል ፎከን ነበር የሚባለው፣ ኤል ጨምረው መጻፍ ሲጀምሩ ሰው እያየ አነበባት። ብዙ ጊዜ የሚባለው ኦፍን ላይም ቲዋ ከአፍ ጠፍታ ነበር፣ ዛሬ ፊደሏን እያዩ ኦፍተን የሚሉ ሞልተዋል፣ ስለዚህ ልጅዎ አንዱንም ብትል አያርሟት።