ፒስተንና ቢዬላ ለመቀየር ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ ስለ ፒስተን፣ ፋሻና ቢዬላ የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። ፒስተን በሞተሩ ሲሊንደር (ቱቦ) ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው ነው፣ ፋሻ በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት፣ ቢዬላ ደግሞ ፒስተኑን ከታች የሚይዘው ዘንግ ነው። የመኪናውን ሞዴልና የሞተሩን ዓይነት ጻፉ። አደራ፣ ሳትለኩ ምንም አትግዙ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ ቪትዝ ናት፣ ሞተሯ ዋን ኤን ዜድ። ሰማያዊ ጭስ አላት። ኮምፕሬሽኗ (ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ሲጨመቅ የሚለካው ግፊት) 130 ፒኤስአይ ነው፣ መካኒኩ "ሞታለች፣ ፒስተንና ፋሻ ይቀየር" አለኝ። ሞተሯን ላስወርድ?

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። በዚህ ጉዳይ ስንት ደህና ሞተር ሲወርድ አይቻለሁ! አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ከመነሻው ሳሳ ያለ ስለሆነ ጌጁም (የግፊት መለኪያው) ዝቅ ብሎ ያነባል። የሞተሩ መጽሐፍ ለምሳሌ 180 የሚለው ጤነኛ ሞተር እዚህ 135 አካባቢ ያነባል። ስለዚህ 130 ብቻውን ምንም አይነግረኝም።

እኔ የማየው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ ካንዴላዎቹ (ነዳጁን የሚያቀጣጥሉት) ሁሉ ወጥተው፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ አራቱንም ለካ። ሦስቱ 135 ሆነው አንዱ 95 ከሆነ፣ በዚያኛው በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረህ ድገመው። ከፍ ካለ ፋሻ ወይም ሲሊንደር ነው። ንቅንቅ ካላለ ቫልቭ (የአየርና የጭስ መክደኛው) ወይም ጓርኒሲዮን (በሞተሩ የላይኛው ክዳንና ሲሊንደሮቹ ባሉበት አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው። ጭሱስ መቼ ነው የሚታየው? ጠዋት ሲነሳ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ጎማ) ነው። ለኦይል ሲል ፒስተን አይወጣም። ለካና ተመለስ።

ጥያቄ፦ አጠቃላይ ስንት ብር ይፈጃል?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም፣ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ሶማሌ ተራ (የመለዋወጫ ገበያው) ሦስት ሱቅ ጠይቅ። ከመለካትህ በፊት ግን እንዳትገዛ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ በክረምት ጎርፍ ውስጥ ገብቼ ሞተሩ ጠፋ። ውሃውን አስወጥተን ተነሳ፣ አሁን ግን ይመታል፣ ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ ቢዬላህ ታጥፎ ይሆናል። አየር ይጨመቃል፣ ውሃ ግን አይጨመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ውሃው መንገድ ከዘጋበት የሚሸነፈው ቢዬላው ነው። መነሳቱ አያታልልህ። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሲነሳ እያንዳንዱን ፒስተን ጫፍ ድረስ አውጥተህ ከብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ካሉበት የሞተሩ አካል) ፊት ያለውን ከፍታ ለካ። ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ የቀረው የታጠፈው ነው። አቅንተን እንግጠመው የሚል ካለ አትስማው። አንድ ጊዜ የታጠፈ ብረት ደክሟል፣ ነገ ተሰብሮ ብሎኩን ይበሳዋል። ሁለተኛ ጊዜ ውሃ ውስጥ ከጠፋብህ ደግሞ ቁልፍ አትንካ። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን አውጣ።

ሌላ አባል፦ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መግጠም ይሻላል።

ሦስተኛ አባል፦ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ተጽፏል እኮ! ሳታስቀይር ብትቀር ምርመራ ላይ ትያዛለህ። ደግሞ የገዛኸው ሞተር ውስጡ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል?

ሌላ አባል፦ ወጥቶ የማይታደስ ሞተርም አለ። የኔ ብሎክ ተሰንጥቆ ነበር።

አራተኛ አባል፦ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ያለንን ከማደስ ውጪ ምን አማራጭ አለ? ኤሌክትሪክ ግዙ ካላላችሁ።

ሌላ አባል፦ ኤሌክትሪኩን የት ነው የምትሞላው?

መልስ፦ ስለ ኤሌክትሪክ ሌላ ቀን። ብሎክ ከተሰነጠቀ ሞተር ቀይሩ። ብሎኩ ደህና ከሆነ ማደስ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም የለካሁትን አውቃለሁ። ወደ ጥያቄያችን።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ድምፅ ታሰማለች። ምን ይሆን?

መልስ፦ የትኛዋ መኪና? ምን ዓይነት ድምፅ? ስትቀዘቅዝ ነው ስትሞቅ? እንዲህ ሆኖ መመለስ አልችልም።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ የ2009 ካምሪ፣ ባለ 2.4 ሊትር። ዘይት ትጨርሳለች። ፋሻ ብቻ ቢቀየር ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። የዚያ ሞተር ችግር የታወቀ ነው። ቶዮታ ራሱ አሜሪካ ውስጥ የተወሰኑ መኪኖችን ፒስተንና ፋሻ በተራዘመ ዋስትና ሲቀይር ነበር። የተሻሻለውን ፒስተን ከነፋሻው ግዛ።

ጥያቄ፦ ኮምፕሬሽኔ 140 ነው፣ አዲስ አበባ ነኝ። ላውርደው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። አሁን ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ የዋን ኤን ዜድ ፒስተን ገዝቻለሁ። ራሴ ስገጥም ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ሳትለካ ነው የገዛኸው? ሲሊንደሩ ከተበላ ሬቲፊካ ቤት (ሞተር በማሽን የሚስተካከልበት) ይሰፋል፣ ያኔ የገዛኸው ስታንዳርድ (በፋብሪካው የመጀመሪያ ልክ ያለ) ፒስተን አይሆንህም። ካልተበላ ቀጥል። አዲሱን ፋሻ ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ ከትተህ በፒስተኑ ራስ ወደ ታች ግፋው፣ ከዚያ በጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለካ። ለዚህ ባለ 75 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር የላይኛው ፋሻ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ክፍተት ከሌለው ሲሞቅ ጫፎቹ ይጋጫሉ፣ ሲሊንደሩን ይቧጥጡታል።

የቢዬላ ቆቦችን (ከቢዬላው ሥር በቡሎን የሚታሰሩትን) አታደባልቅ! እያንዳንዱ ቆብ ከራሱ ቢዬላ ጋር አብሮ የተቀረጸ ነው። ሳትፈታ በፊት ምልክት አድርግባቸው። የፒስተኑ የፊት ምልክት ወደ ካቴናው (የሞተሩ ሰንሰለት) በኩል ይዙር። የቆቡን ቡሎን መጀመሪያ በ15 ኒውተን ሜትር እሰር፣ ቀጥሎ 90 ዲግሪ አዙር። በቶርክ ሬንች (የማሰሪያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) እንጂ በእጅ ስሜት አይሆንም። በእጅ ስሜት የታሰረ ሞተር ሁለት ወር ሳይሞላው ቢዬላው ብሎኩን በስቶ ወጥቶ እኔ ጋ መጥቷል። ባለቤቱ ታክሲ ሠርቶ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነበር። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ አንድ ፒስተን ብቻ ቢቀየርስ?

መልስ፦ ክብደቱ ከሌሎቹ ጋር እኩል ከሆነ ይቻላል። መዝነው።

የመጀመሪያው ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ለካሁት። 135፣ 130፣ 135፣ 130። ጭሱም ጠዋት ብቻ ነው።

መልስ፦ ሞተርህ ጤነኛ ነው። ኦይል ሲሉን አስቀይር። ቀብድ ከፍለህ ከሆነ ነገ ጠዋት ሄደህ አስመልስ።