ኡቡንቱ በማሻሻያ መሃል ሲቆም፦ ጥያቄና መልስ

ኡቡንቱን (የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ነው) ከእትም 20.04 ወደ 22.04 ወይም ከ22.04 ወደ 24.04 ሲያሻሽሉ ኮምፒውተሩ መንገድ ላይ የቀረባችሁ ሁሉ እንድትጠይቁ ጋብዣለሁ። ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉ መሥሪያ ቤቶች የምጠግነው ከዚህ ብልሽት ውጭ እምብዛም አይደለም። ሰነዶቻችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ሳትገለብጡ ምንም አትንኩ፤ ምዝግቡንም (ኮምፒውተሩ የሠራውን የሚጽፍበትን ፋይል) ሳታነቡ ኮምፒውተሩን ደጋግማችሁ አታስነሱ። ትእዛዞቹን በእኛ ፊደል የምጽፈው ለንባብ ነው፤ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት ገጽ) ላይ በላቲን ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ።

የፒያሳ ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። የፎቶ ኮፒ ቤታችንን ኮምፒውተር ወደ 24.04 እያሻሻልኩ ሳለ ከቀኑ 8:20 ላይ መብራት ሄደ። ሲመለስ ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ ነገር ግን ጥቁር ገጽ ላይ የተጠቃሚ ስም ብቻ ይጠይቀኛል። የደንበኞች የመመረቂያ ጽሑፎች በውስጡ አሉ። አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫነው?

መልስ፦ በፍጹም አይጫኑት። ስም የሚጠይቅ ኮምፒውተር አልሞተም፤ የጎደለው መስኮቶቹን የሚያሳየው ክፍል ብቻ ነው። ጥቅሎችን፣ ማለትም የፕሮግራም እሽጎችን፣ የሚጭነው ዲፒኬጂ እያንዳንዱ ጥቅል የት እንደደረሰ፣ የቱ ገና እንደተፈታ፣ የቱ በግማሽ እንደተዋቀረ፣ የቱም እንዳለቀለት በራሱ መዝገብ ላይ ስለሚጽፍ፣ መብራት ቢሄድም ካቆመበት ሊቀጥል ይችላል። ስምና የይለፍ ቃልዎን አስገብተው ይግቡ፤ መጀመሪያ የደንበኞቹን ሥራ ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። ከዚያም «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» ብለው ይጻፉና («ሱዶ» ትእዛዙን በአስተዳዳሪ መብት ያስኬዳል) እስኪጨርስ ይጠብቁ፤ ቀጥለው «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል»፣ በመጨረሻም «ሱዶ አፕት ፉል-አፕግሬድ» ይበሉ። በመሃል ስለ አንድ የማዋቀሪያ ፋይል የቀድሞው ይቆይ ወይስ አዲሱ ይግባ ብሎ ከጠየቀዎት፣ በእጅዎ ያልነካኩት ፋይል ከሆነ አዲሱን ይቀበሉ።

ምዝግቡ «ቫር/ሎግ/ዲስት-አፕግሬድ» በሚባለው ማውጫ ውስጥ፣ «ሜይን.ሎግ» በሚል ስም ተቀምጧል። ብዙ ሰው ይህን ፋይል ከፍቶ «የእኔ አይደለም» ብሎ የሚዘጋው በሰዓቱ ምክንያት ነው። የእርስዎ 8:20 በምዝግቡ ላይ 14:20 ሆኖ ይነበባል፤ ኮምፒውተሩ የአዲስ አበባን ሰዓት ሳይሆን ዩቲሲን (የዓለም አቀፉን መነሻ ሰዓት) ይዞ ከሆነ ደግሞ 11:20 ይላል። ከዚያ ሰዓት በፊት ያሉትን የመጨረሻዎቹን ሃያ መስመሮች ቢያነቡ ማሻሻያው የትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ ያገኙታል። ለሁለተኛው ሙከራ ግን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ይዋሱ፤ ጀነሬተር እስኪነሣ ኮምፒውተር አይጠብቅም።

የአራት ኪሎ ተማሪ፦ ላፕቶፔ አፕግሬድ አልሠራልኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ «አልሠራም» የሚል የስህተት መልእክት የለም። ከየትኛው እትም ወደ የትኛው? ገጹ ላይ ምን ተጻፈ? እነዚህን ይዘህ ተመለስ።

የካዛንቺስ ጠያቂ፦ በሒሳብ ክፍላችን ያለው ኮምፒውተር ማሻሻያው ካለቀ በኋላ «ከርነል ፓኒክ» ይልና ዋናውን ዲስክ ማግኘት እንዳልቻለ ጽፎ ይቆማል። አንድ ባለሙያ ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሏልና አዲስ ግዙ ብሎናል።

መልስ፦ አዲስ ዲስክ ለመግዛት አትቸኩሉ። ይህን ኮምፒውተር ስታበሩ ገና ከመነሣቱ የዲስክ የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል? ከሆነ ችግሩን የማውቀው ይመስለኛል። ዲስኩ ሲመሰጠር የመነሻ ፋይሎች «ቡት» በሚባል የተለየና ጠባብ ክፍል ላይ ይቀመጣሉ። ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ደግሞ ከርነሉ (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ዋናውን ዲስክ ከፍቶ እስኪገባ ድረስ የሚይዘው ስንቅ ነው። አሮጌ ከርነሎች ቦታውን ሲሞሉት አዲሱ ከርነል ይጫናል፤ ስንቁ ግን ሳይቋጠርለት ይቀራል። ያለ ስንቅ የወጣው ከርነል ዲስኩን አያገኘውምና ባለሙያችሁ ዲስኩ የተቃጠለ መስሎት አያስደንቅም።

ኮምፒውተሩ ሲነሣ «ኢስኬፕ» ቁልፍን፣ በአሮጌ ማሽን ላይ ደግሞ «ሺፍት»ን ተጭናችሁ የግራብን (የማስነሻ ፕሮግራሙን) ዝርዝር አምጡ፤ የላቁ አማራጮች ውስጥ ገብታችሁ የቀድሞውን ከርነል ምረጡ። አብዛኛውን ጊዜ ይነሣል። ሰነዶቻችሁን ገልብጡ። ከዚያ «ዲኤፍ -ኤች» ብላችሁ የቡት ክፍል መቶ በመቶ መሙላቱን በዓይናችሁ እዩ፤ «ዩኔም -አር» ብላችሁም አሁን የምትሠሩበትን ከርነል ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፣ እሱን የነካ ሰው ሁለተኛ አይነሣለትምና። «ሱዶ አፕት ኦቶሪሙቭ --ፐርጅ» አሮጌዎቹን ያነሣል። አፕት (ጥቅሎችን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) በግማሽ የቀረ ጥቅል አለ ብሎ እምቢ ካለ፣ የማትጠቀሙበትን የአንዱን አሮጌ ከርነል ኢኒትርድ ፋይል (ስንቁን) ወደ ሆም ማውጫ አዛውሩት እንጂ አታጥፉት። ቦታ ሲገኝ «ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፣ ቀጥሎ «አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ዩ -ኬ ኦል»፣ መጨረሻ «አፕዴት-ግራብ»፣ ሁሉንም በሱዶ። ቦታው አሁንም ከጠበበ በኢኒትራምኤፍኤስ ማዋቀሪያ ፋይል ላይ የመጭመቂያውን ዓይነት ወደ «ኤክስዜድ» ለውጡት፤ ሥራው ይዘገያል፣ ፋይሉ ግን ያንሳል።

የሜክሲኮ አባል፦ ይህ ሁሉ መከራ ኡቡንቱን በመምረጣችሁ ነው። የኡቡንቱ መነሻ የሆነው ደቢያን ቢሆን ኖሮ እዚህ አይደረስም ነበር።

የለገሃር አባል፦ ወንድሜ፣ መብራት ሲሄድ ደቢያንም ይጠፋል። ዲፒኬጂስ ቢሆን የማን ነውና?

የሜክሲኮ አባል፦ እሱስ የደቢያን ነው። ነገር ግን እኛ የጥቅል ምንጮችን ዝርዝር በእጃችን ስለምንለውጥ ምን እያደረግን እንደሆነ እናውቃለን።

መልስ፦ ይህን ለቡና ሰዓት አቆዩት። ደቢያንም ቢሆን ከ11 ወደ 13 መዝለልን አይደግፍም።

የቸርችል ጎዳና ጠያቂ፦ መዝለልን ካነሱ አይቀር፣ ከ20.04 በቀጥታ ወደ 24.04 መሄድ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። በ22.04 በኩል ያልፋሉ። የ20.04 መደበኛ ድጋፍ በግንቦት 2025 እንደ ፈረንጆቹ ስላበቃ ግን አይዘግዩ።

የስታዲየም ጠያቂ፦ የዲፒኬጂ ቁልፍ ፋይል በሌላ ሥራ ተይዟል ይለኛል። ጓደኛዬ ፋይሉን አጥፋው አለኝ።

መልስ፦ አያጥፉት። ቁልፉን የያዘው ብዙውን ጊዜ ከጀርባ የሚሠራው የራስ-ሰር ማሻሻያ ነውና ሻይዎን ጠጥተው ይመለሱ። ሁለት ጫኚዎች በአንድ መዝገብ ላይ አንድ ላይ ከጻፉ ለፒያሳው ጠያቂ ያዘዝኩት መድኃኒት እንኳ አይሠራም።

የለገሃር አባል፦ እኔም ልጠይቅ። ሰርቨሩን ከቤት ሆኜ በኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያ) እያሻሻልኩ ሳለ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ።

መልስ፦ ማሻሻያው አልተቋረጠም ይሆናል። አሻሻዩ «ስክሪን» በሚባል ፕሮግራም ውስጥ ስለሚሠራ፣ ተመልሰው ገብተው «ሱዶ ስክሪን -ዲ -አር» ቢሉ እየተንቀሳቀሰ ያገኙታል። ዋናው በር (ፖርት) እምቢ ካለ በበር ቁጥር 1022 ይሞክሩ፤ በኤስኤስኤች ሲጀመር ይህን መጠባበቂያ በር እንደሚከፍት ነግሮዎት ነበር፣ ግን ማንም አያነበውም።

የካቴድራል አካባቢ ጠያቂ፦ ከማሻሻያው በኋላ ዋይፋይ ጠፋብኝ።

መልስ፦ ስልክዎን በኬብል አገናኝተው ኢንተርኔቱን ያጋሩትና ድራይቨሩን ይጫኑ።

የሰንጋ ተራ ጠያቂ፦ እኔም መሃል ላይ መብራት ጠፍቶብኛል። እንደ አዲስ ልጫነው?

መልስ፦ ለፒያሳው ጠያቂ የጻፍኩትን ያንብቡ። ሰነድዎን ሳይገለብጡ ግን አይጀምሩ፤ ይህን ስል አራተኛዬ ነው።

የአራት ኪሎ ተማሪ፦ ይቅርታ፣ ይዤ መጥቻለሁ። ከ22.04 ወደ 24.04 ነው፤ «ማሻሻያውን ማስላት አልተቻለም» ብሎ ገና ሳይጀምር ያቆማል። ለትምህርት ብዬ ከሦስት የውጭ የጥቅል ምንጮች ፕሮግራሞችን ጭኜ ነበር።

መልስ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። አሻሻዩ የውጭ ምንጮችን ራሱ ቢዘጋቸውም ከእነሱ የተጫኑት ጥቅሎች ግን ባሉበት ይቆያሉ፤ እትማቸው ከኡቡንቱው ከበለጠ ስሌቱ ይጣላል። እድለኛ ነህ፣ ምንም አልተነካብህም። «ፒፒኤ-ፐርጅ» የሚባለውን መሣሪያ ጫንና ሦስቱን ምንጮች አንድ በአንድ አስወግድ፤ ጥቅሎቹን ወደ ኡቡንቱው እትም ይመልስልሃል። ከዚያ ደግመህ ሞክር፤ አሁንም ካቆመ «ቫር/ሎግ/ዲስት-አፕግሬድ» ማውጫ ውስጥ ካለው «አፕት.ሎግ» ላይ «ብሮክን» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈበትን መስመር ላክልኝ። መስመሩን ብቻ፤ የገጹን ፎቶ አይደለም።