በቁልምጫ የታሰሩ ሴቶች

ዘመን ባልሻራቸው ልቦለዶችና ተውኔቶች ውስጥ ስለምናገኛቸው ሴቶች ጥያቄ እንድትልኩልኝ ጠይቄ ነበር። የደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በቁጣ የተጻፉ ናቸው። ሁሉንም መመለስ ባልችልም ስድስቱን መርጫለሁ።

«የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የኢብሰንን «የአሻንጉሊት ቤት» አንብቤ ስጨርስ ኖራን ጠላኋት። ሦስት ልጆቿን ትታ የምትሄድ እናት እንዴት የነጻነት ምሳሌ ትሆናለች?» (አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

እህቴ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። የኖርዌዩ ጸሐፌ ተውኔት የኢብሰን ሥራ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1879 ኮፐንሃገን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ብዙ ሰው ያስቆጣው ይኸው ነበር። በጀርመን አገር ኖራን ሆና እንድትጫወት የተመረጠች ታዋቂ ተዋናይትም ልጆቿን ጥላ የምትሄድ እናት አልሆንም አለች። ኢብሰን ሌላ ሰው እንዳያበላሽበት ሰግቶ መጨረሻውን ራሱ ቀየረው። በተቀየረው ጽሑፍ ባሏ ወደ ልጆቹ መኝታ ቤት በር ይወስዳታል፤ እርሷም ጉልበቷ ይከዳትና ትቀራለች። ደራሲው ይህን በገዛ ሥራው ላይ የተፈጸመ አረመኔያዊ ድርጊት ብሎታል።

ነገር ግን ኖራ በመጨረሻ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ከመዝጋቷ በፊት ያለውን አብረን እንመልከት። ባሏ ቶርቫልድ አይመታትም። «የኔ ወፍ»፣ «የኔ ሽኮኮ» እያለ ያቆላምጣታል። ጥርሷ እንዳይበላሽ ብሎ ጣፋጭ ስለከለከላት ስምንት ዓመት በትዳር የኖረች ሴት ብስኩቷን ኪሷ ውስጥ ደብቃ ትበላለች። ይህችው ሴት ግን ባሏ በጠና ታሞ ሐኪሞቹ ወደ ሞቃት አገር ካልሄደ አይተርፍም ባሉ ጊዜ ገንዘብ ተበድራ፣ ጣሊያን ወስዳ አድናዋለች። ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ መበደር ስለማትችል በውሉ ላይ የአባቷን የዋስትና ፊርማ ራሷ ፈረመች። አባቷ የሞቱት ሴፕቴምበር 29 ነው፤ ከፊርማው ጋር ያለው ቀን ኦክቶበር 2 ይላል። የሞተ ሰው በሦስተኛው ቀን ዋስ ሆነ ማለት ነው።

ዕዳውን ለመክፈል በአንድ የብርድ ወቅት ክፍሏን ዘግታ እስከ ውድቅት ጽሑፍ እየገለበጠች ገንዘብ ሠርታለች። ይህንን ለጓደኛዋ ስታወራ፣ ቢደክማትም ቁጭ ብላ ሠርታ ገንዘብ ማግኘቷ ወንድ የሆነች ያህል እንዳስደሰታት ትናገራለች። ተውኔቱን ባነበብኩ ቁጥር እዚህ ላይ እቆማለሁ። ኖራ ራሷን ማግኘት የጀመረችው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የመጨረሻው ሌሊት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ምስጢሩ ሲወጣ ቶርቫልድ «ከእንግዲህ ልጆቹን አታሳድጊም» ይላታል። ልጆቹን አስቀድሞ የነጠቃት እርሱ መሆኑን ብዙ አንባቢ ሳያስተውለው ያልፋል። ወዲያው ደግሞ አበዳሪው ውሉን መልሶ ሲልክለት «ዳንኩ!» ብሎ ጮኸ። ኖራም «እኔስ?» ብላ ጠየቀችው።

ሞግዚቷን አን ማሪንም አይርሱብኝ። ድሃ ስለነበረች የራሷን ሴት ልጅ ለባዕድ ሰጥታ ኖራን አጥብታ አሳድጋለች። ልጇ የጻፈችላት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሃይማኖቷን ያጸናች ጊዜና ያገባች ጊዜ ነው። ልጇን ለእናቷ ትታ የሰው ልጅ ለማሳደግ ቤይሩት ወይም ሪያድ የሄደች እህት ያለው ሰው ይህችን ሴት በደንብ ያውቃታል። ስለ ኖራ ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ስለ አን ማሪ ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

«የሁለተኛ ዓመት የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። «ቢጫው የግድግዳ ወረቀት» ውስጥ ያለችው ሴት አበደች ወይስ ነጻ ወጣች? በዚህ የተነሳ ክፍላችን ለሁለት ተከፍሏል።» (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

ልጄ፣ አብዳለች። በወለሉ ላይ በአራት እግሯ እየዳኸች፣ ራሱን ስቶ በወደቀው ባሏ ላይ እየተሻገረች የምትዞረውን ሴት ነጻ ወጣች ለማለት አልደፍርም።

የአጭር ልቦለዱ ደራሲ ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን ሴት ልጇን ከወለደች በኋላ በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ተይዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ያከማት ስመ ጥር ሐኪም ዌር ሚቼል ያዘዘላት ዕረፍት ነው፤ አእምሮዋን የምታሠራው በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ይሁን፣ ብዕርና እርሳስ ደግሞ ዕድሜ ልኳን አትንካ አላት። ትእዛዙን ስትጠብቅ ወደ እብደት አፋፍ ደረሰች፤ ወደ ሥራዋ ስትመለስ አገገመች። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1892 ታተመ። እዚያ ያለችው ሴት ባሏ ሐኪም ነው፤ ይወዳታል፣ «ትንሿ ልጄ» ይላታል። ያስተኛት ግን መስኮቱ በብረት በታጠረ፣ አልጋው ከወለሉ ጋር በምስማር በተመታ ክፍል ውስጥ ነው። የእርምጃውን ድምፅ ስትሰማ የምትጽፍበትን ወረቀት ትደብቃለች። እንዳትጽፍ የተከለከለች ሴት ዓይኗን የምታሳርፍበት ነገር ብታጣ ግድግዳውን ማንበብ ጀመረች፤ ከግድግዳው ወረቀት የሐረግ ሥዕል ኋላ አጥሩን ይዛ የምትነቀንቅ ሴት አየች። አእምሮዋ ታሟል፤ ያየችው የገዛ ኑሮዋ ግን እውነት ነው። ክፍላችሁ ለሁለት የተከፈለው ሁለቱም ወገን ከፊሉን ስለያዘ ይመስለኛል።

«ኢብሰንም፣ «ማዳም ቦቫሪ»ን የጻፈው ፍሎበርም፣ «አና ካሬኒና»ን የጻፈው ቶልስቶይም ወንዶች ናቸው። ወንድ የጻፈውን የሴት ልብ ማመን ይቻላል?» (ወንድም፣ ከቨርጂኒያ)

ይቻላል፤ ዋጋውን ማን እንደከፈለ ግን እንጠይቅ። ለኖራ መነሻ የሆነችው ላውራ ኪለር የምትባል የኢብሰን ወዳጅ ናት። ባሏን ለማሳከም በድብቅ ተበድራ ስትያዝ ወደ አእምሮ ሕሙማን ተቋም ተወስዳለች። ተውኔቱ ደራሲውን በዓለም አስጠራው፤ እርሷ ግን ኖራ መባሉን አልወደደችውም።

«የኬት ሾፒንን «መንቃት» አነበብኩ። ኤድና ምን ጎደላት? ባሏ ሀብታም ነው፣ አይጨክንባትም።» (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መጽሐፉን መልሰው ይክፈቱና የመጀመሪያውን ምዕራፍ ያንብቡልኝ። ኤድና በአሜሪካዋ ሉዊዚያና ከባሕር ዳርቻ ፀሐይ መትቷት ትመለሳለች። ባሏ የሚመለከታት ውድ ንብረቱ ጉዳት እንደደረሰበት ሰው ነው። እርሷም ሳትናገር እጇን ስትዘረጋ ቀለበቶቿን ከኪሱ አውጥቶ ይሰጣታል። ቆየት ብሎ የጋብቻ ቀለበቷን ወለሉ ላይ ጥላ በጫማዋ ተረከዝ ትረግጠዋለች፤ ቀለበቱ ላይ ጭረት እንኳ አልወጣም። ሠራተኛዋ አንስታ ስትሰጣት መልሳ ታጠልቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1899 ይህን የጻፈች ሴት የሕግንና የልማድን ጥንካሬ በአንዲት ቀለበት አሳየችን።

መጨረሻ ላይ ዋና ከተማረችበት ባሕር ገብታ አልወጣችም። ሞቷን እንደ ድል የሚያወድሱ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ለልጆቿ ሕይወቷን እንደምትሰጥ፣ ራሷን ግን እንደማትሰጥ የተናገረችውን ቃል የምትኖርበት ቦታ ማጣቷ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«ሁሌ የፈረንጅ ታሪክ! የእኛስ?» (አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ)

እውነትዎን ነው፤ ለዚያውም የሰብለ ወንጌል አገር ሰው ነዎት። በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ በዘር የሚመጥናቸው እስኪገኝ ሽማግሌ ሲመልሱ የልጃቸው ዕድሜ ነጎደ። እርሳቸውም ቢሆኑ ልጃቸውን አይጠሉም። ሰብለ ግን ሊያስተምራት ወደ ቤት የገባውን በዛብህን በራሷ ዓይን አይታ፣ በራሷ ልብ መረጠች። የመጀመሪያው ማመፅ ያ መምረጥ ነው፤ ከቤት መውጣቱ ተከትሎ የመጣ ነው።

«የ14 ዓመት ልጄ «ጄን ኤር»ን ጀምራለች። ሴት ልጅን ያሳምፃል ይሉኛል። ላስቁማት?» (አባት፣ ከአዳማ)

ወንድሜ፣ አያስቁሟት። ሻርሎት ብሮንቴ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1847 በብዕር ስም ያሳተመችው፣ ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ታላቅ ባለቅኔ ሥነ ጽሑፍ የሴት የሕይወት ሥራ ሊሆን አይገባም ብሎ ከጻፈላት በኋላ ነው። ጄን የምትወደው ሰው ሚስት እንዳለው ስታውቅ፣ ያለ ጋብቻ አብራው እንድትኖር ቢለምናትም ጥቂት ሳንቲም ይዛ በማለዳ ትወጣለች። ኋላ 20,000 ፓውንድ ስትወርስ ከሦስት ዘመዶቿ ጋር እኩል ትካፈላለች። ወደ ሰውዬው የምትመለሰው የራሷን እንጀራ ይዛ ነው። ልጅዎ ይህን ብትማር ምን ይጎዳታል?

አንድ ነገር ብቻ አደራ። በዚያ ሰው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ በርታ የምትባል የተቆለፈባት ሚስት አለች፤ በመጽሐፉ ውስጥ ታሪኳን ራሷ አንድም ጊዜ አትነግረንም። ልጅዎ እዚያ ምዕራፍ ላይ ስትደርስ፣ ያቺ ሴት አፍ ቢሰጣት ምን ትል እንደነበር ይጠይቋት። የምትመልሰውንም ይጻፉልኝ።